የአባባ ኩባያና ውሸታሙ ሚዛን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ዳቦ ቤቱም ደህና ነው፣ የእህታችን ባል ካላበላሸው። የሦስት ወር የዳቦ ጋገራ ኮርስ ወስዶ ሚዛን ተሸክሞ መጣልህ! «አንድ ኩባያ ዱቄት መቶ ሃያ አምስት ግራም» ብሎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። አርባ ዓመት በኩባያ ሰፍሮ ለጋገረው ለአባባ!

አባባ የሰፈረውን እየመዘነ፣ «አንዱ መቶ ሃያ፣ አንዱ መቶ ሰባ መጣ» ይለኛል። ሚዛንህ ነው የተበላሸው አልኩት። ሌላ ገዛ፤ እሱም ያንኑ ቁጥር አወጣ፤ ያው ቅራቅንቦ ነው። «ዱቄቱን በአውራ ጣታቸው ይጠቀጥቁታል» አለኝ ደግሞ፣ አፉን ሞልቶ። አባባ! አንተን «ዱቄት አይጠቀጠቅም» ብሎ እጅህን በማንኪያ የመታህ ሰው!

ማክሰኞ ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ እርሾው ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ከአባባ ቀድሜ ገብቼ እኔው እሰፍራለሁ፤ ኩባያውንም ደብቄዋለሁ። ያ ጉረኛ እንዳይነካው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስትመጣ ደህና ሚዛን ይዘህ ና። ቶሎ ብትመጣ ደግሞ ጥሩ ነው።

አባባ ሰላም ብሎሃል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ «ለማን ነው የምትጽፊው?» እያለ ሦስቴ ጠየቀኝ፤ ቀልዱን ታውቀው የለ!

ናፋቂህ እህትህ