አባዬና ድምፅ የሌላት መኪናዬ

ጥቅምት 5
የተለመደ ቀን። ሁለት ሊፍት ጠገንኩ። አንደኛው ውስጥ ተይዘው የነበሩ ሴትዮ ሲወጡ እኔን ተቆጡኝ። ይሁን። ቤት ስገባ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ በቀጥታ ወደ አባዬ አሮጌ መኪና።

ባለቤቴ በመስኮት ብቅ አለ። "አዲስ መኪና ያላት ሴት አሮጌ ብረት ሥር ምን ትፈልጋለች?"

"አንተንስ ያገባሁህ አሮጌ ነገር ስለምወድ አይደል?" መስኮቱን ዘጋ።

አባዬ ታክሲ የሠራባት፣ እኔን ያሳደገች መኪና ናት። አሁን ማስነሻ ሞተሪኖዋ ይዞራል፣ ሞተሯ አይነሳም። ዛሬ የሞተሩን ኮምፒውተር ከዳሽቦርዱ ሥር ፈትቼ አወጣሁት። ክዳኑን ስከፍት… የዓሣ ሽታ። ደስ አለኝ። ይህን ሽታ ከአሮጌ የሊፍት ቦርዶች አውቀዋለሁ። ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳዎች፣ አርጅተው ፈሳሻቸው ወጥቷል። በሽታው ታወቀ ማለት ነው።

ጥቅምት 8
አባዬን በኔ መኪና ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ። ቀኙም ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። የዓይን ሞራ። ሐኪሙ "የቀኙን ሞራ ቶሎ ካወጣንላቸው ያያሉ። ከዘገየ እየጠጠረ ነው የሚሄደው፣ ያኔ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም" አለኝ። ቀጠሮ ጥቅምት 20።

ስንመለስ መንገድ ላይ አስመለሰው። ቤት ገብቶ ፊቱን ጣለ።

"ሁለተኛ እሷ ላይ አልወጣም።"

"ለምን አባዬ?"

"ድምፅ የላትም። እኔ አሁን መንገድ የማውቀው በሞተር ነው። ዳገቱን፣ መታጠፊያውን… ማርሽ ሲቀየር የት እንደደረስኩ ይገባኛል። ያንቺ ውስጥ ግን ጨለማ ውስጥ የወረወሩኝ ነው የሚመስለኝ።"

"ታክሲ እንያዛ።"

"ታክሲ ነድቼ ልጅ ያሳደግኩ ሰው፣ በሰው ታክሲ ከኋላ ልቀመጥ? የኔዋ ስትነሳ ጥሪኝ።"

አንጀቴን በላው። አናደደኝም። በዚህ ዕድሜ ግትርነት… ከማን ወረስኩት እላለሁ ደግሞ። እንግዲህ ያቺ መኪና እስከ ሃያ መነሳት አለባት።

ጥቅምት 10
አዲስ ካፓሲተሮች ሰፈራችን ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ተገኙ። ሁሉም! ዛሬ ደግ ቀን ነው።

ጥቅምት 13
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሥራ መጥቼ ሳልበላ ካፓሲተሮቹን ቦርዱ ላይ በየድኩ። ኮምፒውተሩን መልሼ ገጠምኩት። ቁልፉን ሳዞር… ጧ። ጭስ።

ስህተቴ ምን ነበር? ካፓሲተሩ ላይ ያለው ነጭ መስመር ማይነሱን ነው የሚያሳየው። ቦርዱ ላይ አንዱ ቦታ የታተመው ነጭ ምልክት ግን የፕላሱ ነበር። እኔ ነጭን ከነጭ አጋጥሜ አንዱን ገልብጬ በየድኩት። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ…

አባዬ ከበረንዳው፣ "ተነሳች?"

"አልተነሳችም።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አለ። ልጅ! አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተናድጄም ሳቅሁ።

ጥቅምት 16
መለዋወጫ ሻጩ "ሌላ ኮምፒውተር የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው" አለ። ወር! ቦርዱ ላይ የተቃጠለውን መስመር በቀጭን ሽቦ ልቀጥለው? ሌላ ምን አለኝ።

ጥቅምት 19
ቀጠልኩት። ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር ባትሪ ያስፈልጋል። የመኪናውን ባትሪ ግን አባዬ ከጭሱ በኋላ አስፈትቶ መኝታ ቤቱ መልሶታል፣ በየቅዳሜው ራሱ ቻርጅ ያደርገዋል፣ አሁን ማንንም አያስነካም። ስለዚህ ከኔ መኪና ኮፈን ሥር ካለችው ትንሿ ባትሪ ሽቦ ሳብኩ፣ ለመሥሪያ አምፖሌም ጭምር።

ኮምፒውተሩ አልነቃም። ነገ በኔ መኪና እንሂድ ብዬ አባዬን ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሁሉን እንዳለ ትቼ ተኛሁ።

ጥቅምት 20
ጠዋት መኪናዬ አልከፈት አለች። በድን። ሽቦውን ሳልነቅል ነው የተኛሁት፣ አምፖሏ ሲነድ አድሮ ትንሿን ባትሪ ጨርሷታል። ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ትንሿ ካልቀሰቀሰችው ግን አይነቃም።

አባዬ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ። "ምን ሆነሽ ነው የምትራገሚው?"

ነገርኩት። ሳቁን ለቀቀው። ከስንት ጊዜ በኋላ።

"ያን ሁሉ ባትሪ ተሸክማ ባትሪ አጥታ ሞተች? በይ የኔን አምጪ።"

ባለቤቴ ተሸክሞ አመጣው። በሩን በብረቱ ቁልፍ ከፍቼ፣ ኮፈኑን አነሳሁና በኬብል አገናኘሁ። ከውስጥ ቀጭን ጠቅታ ተሰማ፣ መብራቶቿ በሩ። አባዬ ጆሮውን አዘነበለ።

"ሰማኋት" አለ። "ባትሪዬ ካስነሳት የኔም ናት። እወጣለሁ። ግን ማርሹን ትነግሪኛለሽ።"

"ማርሽ የላትም እኮ አባዬ።"

"ቢኖራት ብለሽ ንገሪኝ።"

እናም መንገዱን ሙሉ… "አንደኛ… ሁለተኛ… ሦስተኛ።" ዳገቱ ጋ ስንደርስ "በሦስተኛ? ሞተሩን ገደልሽው፣ ቀንሺ!" አለኝ። ቀነስኩ። መብራት ላይ ጎናችን የቆመው ሹፌር አፉን ከፍቶ አየኝ። ምን አገባው።

አላስመለሰውም። ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ፈርቶ ነበር። እኔም።

ጥቅምት 21
ነርሷ ፋሻውን አንስታ ጣት አሳየችው።

"ሁለት። ጥፍርሽን ቀይ ተቀብተሻል" አላት።

አለቀስኩ። ሐኪሙ "በጣም ጥሩ ነው" እያለ ይጽፋል፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። አባዬ ወደኔ ዞሮ ብዙ አየኝ።

"ምነው አባዬ?"

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"ሳታየኝ ነዋ።"

ግንባሬ ላይ የወደቀውን ፀጉር በጣቱ ወደ ኋላ መለሰልኝ።

አሮጌዋ ኮምፒውተሯ እስኪመጣ ትቆይ። አሁን አልቸኩልም፣ ቀስ ብዬ እሠራታለሁ።

ማታ መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነትም ሸብቻለሁ። ባለቤቴ "ቀለም ልግዛልሽ?" አለኝ።

አይ፣ ይቆይ አልኩት። አባዬ ገና ዛሬ እኮ ነው ያየው።