ባለቤቴን ከፌርማታው ላይ ስለ ማውረድ

ለተከበሩ የሳይንስ ፋኩልቲ የተማሪዎች ቅበላና ምክር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ማንም እንደማያነሳው የቢሮዎ ስልክ ያልተነካ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በፋኩልቲዎ በር የሚያልፈው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዚህ ዓመት ወዲህ ደግሞ የእርስዎ የኬሚስትሪ ተማሪ። ፊቷን እንደሚያውቁት እገምታለሁ፤ በራችሁ ፊት ባለው ፌርማታ ላይ በር የሚያህል ፎቶዋን ያሰቀሉት እርስዎ ነዎትና። ከሥሩ «እሷ በዚህ የኦንላይን ኮርስ ተዘጋጅታ ገባች፤ እርስዎስ?» ይላል። ሌላው ሰው ሚስቱን ከሥራ ሲገባ ብቻ ሲያያት፣ እኔ በእርስዎ ቸርነት ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ ፊቷ እቆማለሁ። ለዚህ ውለታ ምስጋናዬን አቅርቤ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስከትላለሁ።

፩. ልጆቻችን ራሳቸውን ሲችሉ ባለቤቴ «አሁንስ ተራው የእኔ ነው» ብላ ወደ ቢሮዎ መጣች። ትምህርት ከጨረሰች ብዙ ዘመን ስላለፋት፣ ከመግቢያ ፈተናው በፊት የኦንላይን መሰናዶ ኮርስ መውሰድ ግዴታዋ እንደሆነ ተነገራት። የትኛውን እንደምትወስድ ስትጠይቅ አማካሪዎ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «እናቴ፣ ኢንተርኔቱ ላይ ሞልቷል፤ የሚስማማዎትን ይምረጡ» አላት። ምክር ማለት ይህ ከሆነ፣ እኔም ተሳፋሪዎቼን መስቀለኛ መንገድ ላይ አውርጄ «መንገዱ ሞልቷል፤ የሚስማማችሁን ያዙ» ብላቸው ድካሜ በቀለለ ነበር።

፪. እሷም በየዋህነት በክፍልዎ ድረ ገጽ አናት ላይ የተቀመጠውን ኮርስ መረጠች። ሥዕሎች ይጨፍራሉ፣ ሙዚቃ አለ፤ ቢሳሳቱም ባይሳሳቱም ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ኮከብ ይዘንባል። በአጭር ጊዜ ጨርሳ የምስክር ወረቀት ተቀበለች። እንኳን ደስ አለሽ ስላት ፊቷ አልፈካም። «ምን እንደማላውቅ እንኳ ሳይነግረኝ አለቀ» አለችኝ። ቀጥላ የሞከረችው ሁለተኛው ኮርስ ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ «እንደምታስታውሱት» ይላል። የምታስታውሰው ስላልነበራት፣ ከሥራ ስገባ ግንባሯን ስፌት መኪናዋ ላይ ደፍታ አገኘኋት። ሦስተኛውን ያገኘችው ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ነው። አንዲት ጠና ያሉ መምህርት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው፣ ጠመኔውን በመዳፋቸው እያጠፉ ከክፍልፋይ ይጀምራሉ። «ካልገባችሁ ወደ ኋላ መልሱት፤ እኔ የትም አልሄድም» ይላሉ። ባለቤቴ ስልኳን ከክር ጥቅሉ አስደግፋ፣ ጨርቅ እየቀደደች እየሰፋች፣ ሂሳቡንም ኬሚስትሪውንም ከእሳቸው ተማረች።

፫. ይህን ለአማካሪዎ ስትነግረው የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምስክር ወረቀት ይሰጣል ወይ? አይሰጥም። «እንግዲያው አይቆጠርም» አላት። በፋኩልቲዎ ደንብ መሠረት ወረቀት ያለው ኮርስ ትምህርት የለውም፣ ትምህርት ያለው ኮርስ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ለእናንተ ወረቀቱን ሰጠቻችሁ፤ ትምህርቱን ለራሷ ያዘች። ፈተናውንም አለፈች። ስትመዘገብ ያንን ምስክር ወረቀት አስይዛችሁ «ለማኅደር ነው» ብላችሁ ፎቶ አነሳችኋት። ማኅደራችሁ አውራ ጎዳና ላይ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

፬. ለዚህኛው የሚበቃ ቀልድ የለኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ዳቦ ሻጭ ናት። ልጇ ሳይንስ መማር ትፈልግ ነበር፤ ፌርማታው ላይ ፎቶውን ስታይ ማንንም መጠየቅ አላሻትም። እትዬ የተማሩበት ነው ብላ ባለ ኮከቡን ኮርስ ወሰደች። ያን ሰሞን ባለቤቴ በራሷ የክፍል ፈተና ተወጥራ ስለነበር አልሰማችም። ልጅቷ ፈተናውን ወደቀች፤ ለጥቂት ሳይሆን እጅግ ርቃ። ባለቤቴ ልታጽናናት ብትሄድ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እትዬ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ የቻሉት እኔን ካቃተኝ ጭንቅላቴ አይቀበልም ማለት ነው» አለቻት። ባለቤቴ በዚያ ኮርስ እንዳልተማረች ነገረቻት። ልጅቷ ከግድግዳው ዞር ብላ «ታዲያ ፎቶው?» አለች።

እናትየው አልተጣላችንም። ሰላምታዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ግን የሚጠብ የሚሰፋ ልብስ ይዛ በራችንን ማንኳኳቱን ትታለች። ይህ ከጠብ ይከብዳል። ባለቤቴ እኔ የምነዳው አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርዳለች። የራሷን ፊት ላለማየት በፋኩልቲው የኋላ በር በኩል ዞራ ክፍል ትገባለች። በመስተዋቱ ስትወርድ አያታለሁ፤ በሩን ዘግቼ ወደ ፎቶዋ እነዳለሁ።

ፎቶው እንዲነሳላት ቢሮዎ ድረስ መጥታ ስትለምን «ለብዙዎች ተስፋ ሆነዋል፤ ተስፋ አይነቀልም» ተባለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እናንተ ግን ባለቤቷን ንቃችሁ አጥር ላይ ሰቀላችኋት።

ልጅቷ አሁን አንዳንድ ቀን ቤታችን ትመጣለች። ከባለቤቴ ጎን ተቀምጣ የጥቁር ሰሌዳዋን መምህርት ትሰማለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ አትመጣም፤ ያን ቀን ባለቤቴ ሥራዋን አስቀምጣ የጎረቤትን ኮቴ ታዳምጣለች። ዳግመኛ ለፈተናው ትቀመጥ አትቀመጥ እንደሆን አናውቅም፤ ልንጠይቃትም ፈራን።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ፎቶውን ያውርዱልን። ማውረዱ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነም ከሥሩ እውነቱን ይጻፉበት፤ ቦታ ካነሰ ፊቷን መሸፈን ይቻላል፣ እሷም አትቀየምም።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ዝምታ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከመሪዬ ላይ እጄን ሳላነሳ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የፎቶው ባለቤት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አማካሪዎ እቤታችን መጣ። ጉዳዩ የቢሮ አልነበረም። የገዛ ልጁ ለፈተናው ሊዘጋጅ ስለሆነ፣ ባለቤቴ በእውነት የተማረችበት ኮርስ የትኛው እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ነገረችው፤ አመስግኖ ሄደ። እርስዎም ልጅ ካለዎት በራችን ክፍት ነው።