በራሳችሁ ፒካፕ ላይ ስለዘጋችሁት በር

ተከፈተ! ኮንክሪቱ ተነሣ! ዛሬ ጠዋት አንዲት ታክሲ ጎማዋ ተንፍሶ እየተንገዳገደች ግቢያችን ስትገባ ባለቤቴ ክሪኩን እንደያዘ እንባው መጣ፤ እኔማ እልልታዬን አቅልጬው ሠፈሩ በሙሉ ወጣ። ደስታው ቀድሞኝ ሰላምታ ሳላቀርብ ስለጀመርኩ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ለተከበሩ የመንገድ መግቢያና መውጫ ቁጥጥር ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም በቢሮዎ መስኮት ወደ ውጭ የማያዩበትን ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ በዋናው መንገድ ዳር ከባለቤቴ ጋር ጎሚስታ የከፈትኩ፣ ሾፌሮች «እትዬ ጎማ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፤ «የተሽከርካሪ ፍሰትን ለማሳለጥ» ብላችሁ በየበራችን ፊት ኮንክሪት ስለደረደራችሁልን እናመሰግናለን። መንገዱን የሚያጨናንቁት ግማሹን ይዘው ሸቀጥ የሚያራግፉት ትልልቅ መኪኖች መሆናቸውን አላፊ አግዳሚው ያውቃል፤ እናንተ ግን አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን መታችሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጣ ሁሉ መግቢያ ሲያጣ አደባባዩ ድረስ ሄዶ ዞሮ ይመለስ ስለነበር ወረፋው እዚያው ተቆለለ፤ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ አምቡላንስ መሐል ቆሞ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለማሳለጡ እጅ እንነሣለን።

ሁለተኛ፤ አቤት ልንል ስንመጣ ባለሙያዎ «ደንበኞቻችሁ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ያቁሙና በእግር ይምጡ» ብለው ስለመከሩን ምስጋናችን የላቀ ነው። እንደው ለመሆኑ ጎማው የፈነዳ መኪና እንደ ልቡ ራቅ ብሎ መቆም ቢችል ኖሮ እኛ ዘንድ ምን ቀረኝ ብሎ ይመጣ ነበር?

ሦስተኛው ሆዴን የሚያቃጥለኝ ነው። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዱቄት የሚያመጣላት መኪና መግቢያ ስላጣ ኩንታሉን ከመንገድ ማዶ በሸክም ስታስገባ ከርማ በመጨረሻ ምድጃዋን አጠፋች። ዕቃዋን ስትጭን «እህቴ፣ አንቺም ብዙ አትቆዪ» ብላኝ ሄደች። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ሠራተኞቹን ሊያሰናብታቸው ሰብስቦ፣ ሻይ ብቻ ጋብዞ ሲመልሳቸው አይቻለሁ። እናንተ ይህን «ጊዜያዊ መጉላላት» ብላችሁታል፤ አቤት ቃል ማሳመር! መንገድ ሥርዓት አያስፈልገውም ያለም የለም፤ ለሁላችን አንድ የጋራ መግቢያ፣ አንድ የጋራ መውጫ ይሁንልን ብለን ለምነን ለምነን አፋችን ደርቋል።

አራተኛ፣ ይህን ስጽፍ ሳቄ እያመለጠኝ ነው፤ ሰዎችዎ ኮንክሪቱን ሲደረድሩ የራሳችሁ የቁጥጥር ፒካፕ ግቢያችን ውስጥ ጎማ እያስቀየረች መሆኗን ሳይጠይቁ በሩን ግጥም አድርገው ዘጉባት። ሾፌሯ ከውስጥ ጥሩምባውን ቢያንባርቅ ማን ሰምቶት፤ ክሬኑ ወደ ሌላ ሠፈር ተፈትልኳል። እኛም እንግዳ ናትና ሸራ አለበስናት፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሯን እያስነሣን አቆየንልዎ። የእኛ ልመና ያላነሣውን ኮንክሪት የፒካፗ ናፍቆት አነሣው! እሷን አውጥተው መልሰው ሊዘጉ ሲሉ ግን እኔና የሠፈሩ ሴቶች በርጩማችንን ይዘን ክፍተቱ ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ «የጋራ መግቢያ» የሚባለው ሐሳብ ለባለሙያዎ ድንገት ተገለጠላቸው፤ የራሳቸው ግኝት ነው አሉ። ለግኝታቸው እንኳን ደስ ያላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ቁጣዬ ግን ገና ያልበረደልኝ፣

እትዬ ጎማ

ማስታወሻ፦ ራሳችሁ የዘጋችሁትን በር ራሳችሁ «ልትመርቁ» እሑድ ሪባንና መቀስ ይዛችሁ እንደምትመጡ ሰምተናል። ምን አደከማችሁ፣ እኛ ቀድመን እንጨርስላችኋለን። ዳቦ ጋጋሪዋ ትመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠርቻታለሁ። ጎረቤት፣ ደንበኛ፣ ሾፌር፣ በመንገዱ የምታልፉ ሁሉ፣ ደስታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድም ሰው እንዳይቀር!