ወይዘሮ ከፍያለች ገብረ ሥላሴ በቡላቅ አል-ዳክሩር ያደመጡት

ወይዘሮ ከፍያለች ገብረ ሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሥላሴ ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ ይመር መስከረም 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ አዲስ አበባ በቴሌኮሙኒኬሽን ሙያ ሠልጥነው፣ ለሰባት ዓመታት በስልክ መሣሪያዎች ጥገና አገልግለዋል። በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ፍስሐ መኮንን ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ፍስሐ በፖለቲካ ይፈለጉ ስለነበር በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል አብረው ካይሮ ገቡ። አንዲት ልጃቸው ሳባም በዚያው ዓመት ተወለደች።

ወይዘሮ ከፍያለች መጀመሪያ ዶቂ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረው ሠሩ፤ ኋላ ቡላቅ አል-ዳክሩር በተባለው የድሆች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ራዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመሩ። የሚኮሩበት ሥራቸው ግን የፈነዳ ቧንቧ ወለል ሳይሰበር የሚገኝበት ማድመጫ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ የመሣሪያው የራሱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይውጠው ነበር። «ማጉያው ራሱ እየጮኸ ሌላውን እንዴት ይሰማል?» ይሉ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ ጄፌት የሚባለውን ትራንዚስተር አስገቡ፤ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው መዳሰሻ የሚመጣውን ጥቂት ምልክት ሳይሻማ ይቀበላልና። ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው ጄፌቶች እንኳ ጠባያቸው ስለሚለያይ፣ መቶ ገዝተው አንድ በአንድ ለክተው ጸጥ ያሉትን አራቱን ብቻ ወሰዱ።

ጥር 2003 ዓ.ም. አብዮቱ ሲነሣ ሱቃቸውን ለሳምንታት ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪ በመጥፋቱ በየሰፈሩ በአሮጌ ፎቅ ላይ ፎቅ ተደረበ። ኅዳር 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ጠዋት ከቤታቸው ማዶ የነበረው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ተናደ። አቶ ፍስሐ የታመመ ጓደኛቸውን ሊጠይቁ እዚያው ገብተው ነበር።

ወይዘሮ ከፍያለች መሣሪያቸውን ይዘው ፍርስራሹ ላይ ወጡ። ሞተሩን ሁሉ አስጠፍተው ሰዉን ዝም አሰኙ። የአቶ ፍስሐ ጓደኛ ቤት በነበረበት በኩል ለረጅም ጊዜ አደመጡ፤ ምንም የለም። በደረጃው በኩል ግን መታ መታ የሚል ድምፅ ሰሙ። መቆፈሪያው ማሽን አንድ ብቻ ነበር። አብሯቸው የነበረው፣ ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ጥሩነህ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ፍስሐስ?» አላቸው።

«የሚመታ ሰው ያለው እዚያ ነው» አሉት። «እዚያ ቆፍሩ።»

ከአምስት ሰዓት በኋላ ዘይና የምትባል የወሎ ተወላጅ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ከፊርደውስ ጋር በሕይወት ወጣች። የአቶ ፍስሐ አስከሬን በማግሥቱ ተገኘ። በስንት ሰዓት እንዳረፉ ማንም ሊነግራቸው አልቻለም። የሰፈሩ ሰው በዐረብኛ «ማሌሽ»፣ አይዞሽ ግድ የለም፣ እያለ አጽናናቸው፤ አልተጽናኑም። መሣሪያውን ደጋግመው ፈተሹት፤ እንከን አላገኙበትም። «ራሱን ስቶ ከነበረስ? ያልመታን ሰው በምን እሰማዋለሁ?» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ለአሥራ አራት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

አዲስ አበባ ለምትኖረው ለሳባ ስለ አባቷ «ሳይደርሱለት ቀሩ» ብቻ ነበር ያሏት። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ግን ጥሩነህን ጠርተው፣ «ስቀበር ለሳባ ንገርልኝ። በሌላው በኩል ቆፍሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሰው ወሬ ሳይሆን በራሴ ቃል ትስማው» ብለው አደራ ሰጡት። አደራው ዛሬ በቀብራቸው ላይ በሚነበበው በዚህ ጽሑፍ ደርሷል።

ወይዘሮ ከፍያለች የአንዲት ልጅ እናትና የሁለት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለሳባም ለእናቷና ለአባቷ እኩል የምታለቅስበትን ልብ ይስጣት። አሜን።