ሳልቀምሰው የለየሁት ወይን

ለምትወጂኝና ለምትቆጪኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ያለሽን መቼም አልሰማሽውም፤ አውቅሻለሁ። ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትልቁ አሁንም ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ አውቶቡሱን እየነዳ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪውን ሲረግም ይውላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ የረገማቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቅር ይላል። ሰላም በይልኝ ብሎሻል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ እየሳቅኩ። ያቺ የአጎታችን ልጅ ለስብሰባ ሆቴላችን መጥታ፣ ብርጭቆ አፍንጫዬ ላይ ደቅኜ በመስታወት በኩል ብታየኝ፣ ገብታ ሰላም እንደማለት ወሬውን ይዛ አንቺ ዘንድ በረረች። ሐዘኑ መጠጥ ላይ ጣላት አለችሽ? አንቺስ እንዴት አመንሻት? የሳል ሽሮፕ እንኳ በስንት ልመና ያጠጣሽኝ ልጅ አይደለሁም እንዴ? ከሷ ይልቅ ባንቺ አዘንኩ፤ እውነቴን ነው። ግን የሚቆጣ ሰው ያለው ሰው ዕድለኛ ነው ብዬ ተውኩት።

እየጠጣሁ አይደለም እህት ዓለም። እየተማርኩ ነው። ሆቴሉ ከጣሊያን የየክፍለ ሀገሩን ወይን ማስመጣት ጀምሯል። ታዲያ እንግዳው ይሄ ከየት ነው፣ ከምን ፍሬ ነው፣ ከየትኛው ምግብ ጋር ይሄዳል ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ፈተናውን ያለፈ አንድ ሰው ጥቁር ኮት ለብሶ የወይን ኃላፊ ይሆናል ተባለ። ትሪ አይሸከምም። ከኩሽና ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አይውልም። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን ትሪ እንደተሸከምኩ ታውቂያለሽ።

ግን የተመዘገብኩት ለኮቱ ብቻ አይደለም። ያ ሁለተኛው ነገር ከደረሰብን ወዲህ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ባለቤቴ ለልጅ ብለን ያዘጋጀናትን ትንሿን ክፍል ቆለፋት፤ ቁልፉን የት እንዳደረገው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። እራት ላይ ስለ መንገድ መጨናነቅ እናወራለን። ሐኪሜ ዕድሜሽ ገና ነው ብላኛለች፤ ይሄንን ግን በመጀመሪያውም ጊዜ ብላኝ ነበር። አእምሮዬን የሚይዝልኝ አንድ ነገር ፈለግኩ። ባይሆን ኖሮ ያንቺ ታናሽ በዚህ ዕድሜዋ የባዕድ አገር ኮረብታ ስም ስትሸመድድ ትገኝ ነበር?

ትምህርቱ የሚሰጠው ጠርሙሶቹ በጎናቸው በተኙበት ምድር ቤት ነው። መምህርታችን ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ብዙ ዘመኗን በወይን እርሻ ያሳለፈች ሴት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ከፒዬሞንቴ፣ ከሰሜኑ ማለት ነው፣ ኔቢዮሎ ከሚባል ፍሬ የተጠመቀ ቀይ ወይን ቀዳችልን። ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ከብርጭቆው ማዶ ያለ ጣትሽ ይታይሻል። እኔም ዐዋቂ ሆኜ ይሄ ውሃ የበዛበት ነው ብዬ ፈረድኩ። አፌ ውስጥ ሳደርገው ግን ያልበሰለ ሙዝ እንደነከስኩ ድዴንና ምላሴን ጨምድዶ ያዘኝ። መምህርቷ ሳቀችና፣ በቀለም የሚፈርድ ሰው እዚህ ቤት ብዙ አይቆይም አለችኝ።

ቬኔቶ የሚባለው አገር ሰዎች ደግሞ ይገርሙሻል። አማሮኔ ለሚሉት ቀይ ወይናቸው ዘለላውን ለቅመው ወዲያው አይጨምቁትም። ነፋስ በሚገባበት ሰገነት በመደርደሪያ ዘርግተው ለወራት ያቆዩታል። ውሃው ይተንና ፍሬው እንደ ዘቢብ ሲጨማደድ ያን ጊዜ ይጠምቁታል፤ ብርቱ፣ የሚከብድ ወይን ይወጣዋል። የቀረውን ልጣጭ እንኳ አይጥሉትም፤ ሌላ ቀለል ያለ ወይን ያሳልፉበትና ጉልበት ይሰጡታል። ይሄን ስሰማ የሻይ ቅጠል ሁለቴ የምታፈዪው አንቺ ትዝ አልሽኝና ብቻዬን ሳቅኩ። አረፋ ያለው ወይንም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮሴኮ አረፋውን የሚያገኘው በአብዛኛው በተዘጋ ትልቅ የብረት ታንክ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ፍሬ ፍሬ ይሸታል። ፍራንቻኮርታ ግን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾው ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚተኛ፣ ስታሸቺው በጠዋት በዳቦ ቤት በር ያለፍሽ ይመስልሻል።

ደግሞ ልንገርሽ፣ እዚህ የሚዋጥ ነገር የለም። በየጠረጴዛው ባልዲ ተቀምጧል። ትጎነጪያለሽ፣ አፍሽ ውስጥ ታዞሪዋለሽ፣ ትተፊዋለሽ። መትፋት ነውር ነው እየተባልን አድገን እኔ በመትፋት ዲፕሎማ ልይዝ ነው። ከመካከላችን የሚውጠው የባሩ ልጅ ብቻ ነው። ሳይጠየቅ ስለሚፈነዳ ቡሽ ብለን ሰይመነዋል። ከኔ ጋር ለኮቱ የሚፎካከረውም እሱ ነው፤ ለፈተናው ያለፍነው እኛ ሁለታችን ነበርን።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አፍንጫዬ ጉድ ሆነ። ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሽንኩርት ስትከትፍ በተዘጋ መስኮት ይሸተኝ ጀመር። ባለቤቴ ገና በሩን ሳይከፍት የናፍጣው ሽታ ይቀድመዋል፤ ምስኪኑ እጁን ሁለቴ ታጥቦ ነው የሚገባው። ክፍል ውስጥማ አስደናቂ ሆንኩ። መምህርቷ ምልክቱ እንዳይታይ ጠርሙሶቹን ካልሲ የመሰለ ከረጢት ታለብሳቸዋለች። እኔ ብርጭቆውን ገና ሳላነሳው ይሄ ከቶስካና ነው፣ ፍሬው ሳንጆቬዜ ነው እላለሁ። ልክ ነው። ቡሽ ካልሲውን ሰርቃ እየገለጠች ነው ብሎ ከሰሰኝ፤ መምህርቷ ለብቻዬ እንደገና ፈተነችኝ፤ አሁንም ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ አፍንጫ ስንት ዓመት አላየሁም አለች። እኔ ደግሞ አፍንጫዬ ያወቀውን ነገር ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ከንፈሬን አልነካም። ሌሎቹ ሲጎነጩ እኔ አሸትቼ አስቀምጣለሁ። ለጊዜው ማንም ልብ አላለም። ፈተናው ሲቃረብ ግን ጭንቅ ያዘኝ፤ ምክንያቱም ግማሹ ነጥብ የአፍ ነው። ኮምጣጤነቱ፣ ክብደቱ፣ ድድ መያዙ፣ ይሄ ሁሉ በማሽተት አይታወቅም። ኮቱን እፈልገዋለሁ እህት ዓለም። እንዳልፈልገው አድርጌ ብጽፍልሽ ውሸት ነው።

የፈተናው ቀን ከመምህርቷ ፊት ቆምኩ። በዚያ ፈተና ተፈታኝ አይቀመጥም፤ ኃላፊው እንግዳ ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው። ሦስት ብርጭቆ ቀረበልኝ። የመጀመሪያው አረፋ ነበረው፤ አረንጓዴ ፖምና እንኮይ ሸተተኝ፣ የዳቦ ጠረን የለውም። ፕሮሴኮ፣ በታንክ የተሠራ አልኩ። ሁለተኛው ዘቢብና ቼሪ ነበር፤ አማሮኔ አልኩ። ሦስተኛው ፈዛዛ ቀይ ሆኖ ጽጌረዳና የመንገድ ሬንጅ አንድ ላይ ይሸታል፤ ኔቢዮሎ፣ ከፒዬሞንቴ፣ ዓመታት የሰነበተ አልኩ። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣ አሁን በአፍሽ አረጋግጪልኝ አለችኝ።

አንዲት ጉንጭ ነበረች። ባልዲው እግሬ ሥር ነበር፤ እተፋዋለሁ፣ ማን ተጎዳ ማንስ አወቀ? ብርጭቆውን እስከ አገጬ ድረስ አነሳሁት። ሁለቱ ያለፉት ጊዜያት ትዝ አሉኝ፤ ያኔ ምን አጠፋሁ እያልኩ የበላሁትን፣ የተሸከምኩትን፣ የሮጥኩትን ሁሉ ስመረምር የከረምኩበት ትዝ አለኝ። አሁን ደግሞ በዚህች ጉንጭ ራሴን ስጠይቅ ልኑር? መልሼ አስቀመጥኩት። የአፉን ክፍል መመለስ አልችልም አልኳት።

ለምን አላለችኝም። ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበቻቸውና እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ የራሷን ወንበር አመጣችልኝ። ተቀመጪ ልጄ አለችኝ። ልጄ ብላኝ አታውቅም። ውሃ ቀዳችልኝና እስክጠጣ ጠበቀች። ከዚያ፣ በርሜል ውስጥ ያለ ወይን ዘገየህ ተብሎ አይወቀስም፣ ምድር ቤቱም የትም አይሄድም፣ ሲመችሽ ትመጫለሽ አለችኝ። ወጥቼ መተላለፊያው ላይ አለቀስኩ። የሐዘን ልቅሶ አይደለም፤ አንቺ ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

ኮቱን ቡሽ ወሰደው። በፈተናው አማሮኔውን በልጣጭ ላይ ካለፈው ቀለል ያለ ወይን ጋር አምታቶት ነበር፤ የአፉን ክፍል ግን እንደ ውሃ ተወጣው። ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አልተቀየምሽኝም ወይ እያለ ሦስት ቀን ተከተለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ በመጨረሻ እስክቆጣው ድረስ አልተወኝም። አልተቀየምኩም። ሲያምረው ሳየው ትንሽ ቀናሁ፣ ያ ብቻ ነው። አለቃዬ ደግሞ ማን ምን እንደነገረው እንጃ፣ ከትሪ አንሥቶ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦኛል።

ባለቤቴ ተለውጧል። ከገበያ ስመለስ ከፌርማታው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል እንኳ አያስይዘኝም። ባለፈው እሑድ ከእንቅልፌ ስነሣ የትንሿ ክፍል በር ተከፍቶ መስኮቱን ሲወለውል አገኘሁት። እኔም ጨርቅ ይዤ ገባሁና አብረን ወለወልን።

ሌላም ብዙ የምነግርሽ ነበረኝ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ይቆየኝ። እፈራለሁ እህት ዓለም፤ ጠዋት ጠዋት በጣም እፈራለሁ። ቀትር ላይ ደግሞ ያለምክንያት እዘፍናለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ቀኑን አሳልፋለሁ። አንቺ ለኔ ጸልዪልኝ፤ ስለ ምን እንደምትጸልዪ ፈጣሪ ያውቀዋል። ለአጎታችን ልጅም ታናሽሽ መጠጥ እርግፍ አድርጋ ትታለች በያት፤ ወሬ ከወደደች ይሄንንም ታድርስ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት። የዓመት ፈቃድሽን እንደ ወትሮው በጊዜ እንዳትጨርሺው፣ ለዓመቱ መጨረሻ አቆዪልኝ። ስትመጪም እንደ ልማድሽ ሻንጣና ፌስታል ተሸክመሽ እንዳትመጪ። ሁለት እጅሽን ባዶ አድርገሽ ነይ።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ እህትሽ