በ2009 የተመረጠው ስም

ሪያድ ላለኸው ወንድሜ ለበእውቀቱ፣

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ሙቀት በረደልህ ወይስ ገና ያንገበግባችኋል? ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? የውሃ ቦቴ የምነዳበትን ፈረቃ ወደ ጧት አዛወሩልኝ ብለኸኝ ነበር፤ እንቅልፍህ ተስተካከለ? ባለፈው የላክኸውን ፎቶ እማዬ አይታ «ከስቷል፣ ትደብቁኛላችሁ እንጂ ከስቷል» ብላ ሁለት ቀን ስታስጨንቀን ሰነበተች። እስኪ የምትበላውን ራስህ ንገራት፤ እኔን አታምነኝም።

እኛ የፈጠረን ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። ባለቤቴ ውበቱ የዘንድሮው ስንዴ ከአምናው ይሻላል ይላል፤ ዝናቡ በጊዜው ወጥቷል። ልጃችን እሌኒ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመ ቢሆንም ሰሞኑን አውቶቡስ ይገባል ይወጣል።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሩቂያ ናት። ለእናቷ ሐዘን መጥታ ሐሙስ ትመለሳለች። ስልክ እያለ ወረቀት መላኬ ይገርምህ ይሆናል። ከእሑድ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ እማዬ ጉልበት አውርተን ተለያየን። ልነግርህ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደሴው የእግር ኳስ ክለብ ጦሳ ንስር ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላው። ክለቡ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከየወረዳው አንድ ወጣት እንደሚወስድ፣ ስሙንም ሦስት ሰዎች ተቀምጠው እንደሚመርጡ ከማንም በላይ ታውቃለህ። አሁን ታዲያ የየወረዳው ደጋፊ ካለፉት ምርጫዎች ሁሉ የተሻለውንና የከፋውን ለይቶ በጽሑፍ ይላክልኝ ብሏል። መልሱ በኅዳር መጀመሪያ በቴሌግራም ገጹ ላይ ይወጣል። የእኛዎቹ ደጋፊዎች እሑድ አምላኩ ፀጉር ቤት ተሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤውን እንድጽፍ እኔን ጠሩኝ። የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ካለፉት መራጮች መካከል በከተማው የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጭምር ነው።

አምላኩን ታውቀዋለህ። ከመስታወቱ በላይ የተመራጮቹን ስም ከነዓመተ ምሕረቱ በቀለም ጽፎ ሰቅሏል። የአንድ ሰውዬ ግማሽ ራስ ላጭቶ ማሽኑን እንደ ዳኛ ካርድ እያነሳ ይከራከራል። ሰውዬው «ኧረ ግማሹን ጨርስልኝና ተጣሉ!» ቢል ማን ይስማው። የወረኢሉው በረኛ ሲነሳ አንዱ «እሱማ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘው ኳስ የለም፣ የደሴ ብርድ ነው የያዘው» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኩታበሩ ግራ ተከላካይ የተሻለው ምርጫ እንደሆነ ግን ሁሉም ተስማማ፤ ሰባት ዓመት ተሰልፎ ዛሬም ከዋናዎቹ አሥራ አንድ አንዱ ነው።

ከዚያ ወደ 2009 ደረሱ፤ ወደ እኛው ዓመት። አምላኩ የዚያን ዓመት ተመራጭ የይሄነውን ስም በማሽኑ እየጠቆመ «የከፋው ይሄ ነው፣ አትድከሙ» አለ። «አሥራ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ጎል፣ ከዚያ ጉልበቱ ሄደ። በእውቀቱን የመሰለ አጥቂ እያለ! የሞተ አይወቀስም እንጂ የእኛው አሰልጣኝ ጋሽ የኋላሸት ያንን ልጅ በቁሙ ነው የቀበረው።» ሌላው ተቀብሎ «ቂም ነው እንጂ። በእውቀቱ አንድ ቀን ‘ጋሼ፣ ኳስ በፊሽካ ብቻ አይጫወቱም’ ስላለው ያዘበት» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ የተባለውን እጽፋለሁ።

ይሄነው ራሱ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ የራሱ ብየዳ ቤት አለው፤ የከተማው የብረት በር ግማሹ የእሱ ሥራ ነው። ስቆ «እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምትቀብሩኝ? ቢያንስ ልላጭና ቅበሩኝ» አላቸው። ደግሞ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እስኪ ቲቸር፣ እርስዎ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጋሽ የኋላሸት ለምን መረጡኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማላገጡ አልነበረም። ስምንት ዓመት ሲያስበው የኖረ ነገር እንደሆነ ከፊቱ አየሁ።

በእውቀቱ፣ አቶ የኋላሸት አልመረጡትም። እሳቸው የመረጡት አንተን ነበር። አንተን ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሦስታችን ተቀመጥን። ከክለቡ የተላከው አሰልጣኝ የይሄነውን ቁመት ወዶት ስለነበር እሱን አለ። አቶ የኋላሸት አንተን አሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ስድስቱን የማጣሪያ ጨዋታ እያየሁ ነጥብ የያዝኩበት ደብተር ፊቴ ነበር፤ ከሃምሳ አንተ አርባ አንድ፣ ይሄነው ሠላሳ ስምንት። ስለዚህ «ኳሱ ነው ያሳሳተኝ» ብዬ የምሸሽበት የለኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ግን ገበያ ላይ አንዲት ሴት እኔን አሳልፋ ለጓደኛዋ «ዘንድሮማ ምርጫው እቤት አልቋል፤ እህት መራጭ፣ ወንድም ተመራጭ» ስትል ሰምቻለሁ። በመስኮቱም ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቅ ይታየኛል። «ይሄነው» አልኩ። አቶ የኋላሸት መነጽራቸውን አውልቀው «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ወረቀቱን ይዘው ወጡና ስሙን ለሕዝቡ አነበቡ። ያነበቡት እሳቸው ስለነበሩ የመረጡትም እሳቸው ተባሉ።

ከመቀመጫው መነሳት እችል ነበር። «ወንድሜ ስላለበት እኔ በዚህ አልገባም» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ መራጭ መባሉንም ወድጄው ነበር። መቀመጫውን ይዤ ንጹሕ ለመምሰል ፈለግሁና ዋጋውን አንተ ከፈልክ። በመስከረም ተነሥተህ ሄድክ። በጅቡቲና በየመን አድርገህ እስክትደርስ እማዬ ድምፅህን ሳትሰማ አምስት ወር ቆጠረች። ስምህ ተጠርቶ ቢሆን ያንን መንገድ አትሄድም ነበር። ክለቡ ገብተህም ምናልባት ጉልበትህ ይሄድ ነበር፣ ምናልባትም እንደ ኩታበሩ ልጅ ዛሬ ድረስ ትሰለፍ ነበር፤ ያንን ማንም አያውቅም። ፀጉር ቤት የነበረው ክርክር ሁሉ የሆነውን አይቶ ወደኋላ የሚፈርድ ነው። እኔ ግን ምንም ከመሆኑ በፊት፣ ደብተሬ ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ፣ ትክክሉን አውቄ ነው የተውኩት።

ከዚያ የከፋ ደግሞ አለብኝ። ካቻምና ሚያዝያ አቶ የኋላሸት መሞታቸውን ስነግርህ «የእጁን አገኘ» አልክ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከምርጫው ይልቅ ይከብደኛል። በምርጫው ጊዜ ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ሰውዬው ከሞቱ በኋላ ማንን ፈራሁ?

እሑድ ዕለት ይህንኑ ሁሉ በሰው ፊት ተናገርኩ። አምላኩ ማሽኑን አጠፋ። ይሄነው «ነጥቡ ስንት ለስንት ነበር?» አለኝ፤ ነገርኩት። «ሦስት ነጥብ» አለ። «ሦስት ነጥብ እኮ በአንድ ጨዋታ ይገኛል።» የሳቀለት የለም፣ እሱም አልሳቀም። ቀጥሎም «እኔ በችሎታዬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ጉልበቴ ሲሄድም ያጽናናኝ እሱ ነበር» ብሎ ሳይላጭ ወጣ። በአንተ ላይ የተሠራው በደል በእሱም ላይ እንደነበር የዚያን ጊዜ ገባኝ። ሰኞ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። መነጽሩን ሳያወልቅ «ይቅር ለእግዜር» አለኝና ወደ ብረቱ ተመለሰ። ከልቡ ይሁን አይሁን መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም።

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የከፋው ምርጫ የ2009 ነው። ጥፋቱ የመራጯ የብርሀንነሽ እንጂ የተመራጩ አይደለም፤ አቶ የኋላሸትም የሉበትም።» አምላኩ ስሜን እንዳወጣው ለመነኝ፤ አላወጣሁትም። ሲወጣ ታነበዋለህ፣ ሪያድ ያሉ ጓደኞችህም ያነቡታል። ከዚያ በፊት ከእኔ እንድትሰማው ነው ይህ ሁሉ ጽሑፍ።

ለእማዬ ሰኞ ጧት ነገርኳት። አልጮኸችም። «ለሰው አፍ ብለሽ ልጄን በባሕር አሻገርሽው» አለችና ፊቷን አዞረች። እስካሁን የምታናግረኝ ለሥራ ያህል ነው።

ከብየዳ ቤቱ ቀጥዬ ወደ አቶ የኋላሸት ባለቤት ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ሄድኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ጀምሬ ሳልጨርስ «አውቃለሁ» አሉኝ። «የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ‘ልጅቱ ፈርታ ነው። አሁን ብናገር ወንድምና እህት ይለያያሉ፤ እኔን ግን ቢጠሉኝ የምገባበት የራሴ ቤት አለኝ’ አለኝ።» ስምንት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ሲሉኝ ሁሉንም ያውቁ ነበር። አልተቆጡኝም። ያዘኑት በሌላ ነው። «ለቅሶው ላይ ስንቱ ከዓረብ አገር ደወለልኝ። የእሱ ምርጫ ግን አንድ ቃል አላለኝም» አሉ። አቶ የኋላሸት እስኪሞቱ ድረስ ስምህ ሲነሳ «የእኔ ምርጫ» ነበር የሚሉህ።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም። ለእኔ መልስ ሳትጽፍ መክረምም መብትህ ነው፤ አልቀየምህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ለወይዘሮ ይታይሽ ደውልላቸው። ዓመት ከመንፈቅ የዘገየ «እግዜር ያጽናዎት» ቢሆንም እዳው የአንተ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ያውቃሉ። ቁጥራቸውን በፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ጧት ጧት እቤት ናቸው።

ውበቱ ወገብህን ተጠንቀቅ ብሎ ሰላም ይልሃል። እሌኒ የእጇን ጽሑፍ ልላክለት ብላ ፖስታው ላይ ስሟን ጽፋለች። አምላኩ «ስትመጣ ግማሽህን በነጻ እላጭሃለሁ» ብሏል። ይሄነውን ሰላምታ ልላክልህ ወይ ብዬ ጠይቄው «በለው፣ ቁመቱ አጠረ እንጂ እግሩ ያስቀናኝ ነበር» ብሎሃል፤ የዚያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ፈገግ አለ። እማዬ ጉንጭህን ስማ «የሚበላውን ይንገረኝ» ትላለች።

ወይዘሮ ይታይሽን የሚልኩት ሰላምታ እንዳላቸው ጠይቄያቸው ነበር። ምስሩን መልቀም ሳያቆሙ «እሱ ይጀምር» አሉኝ።

እህትህ ብርሀንነሽ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.