ያልረገጥሁትን ገዳም ስላስረገጡኝ

ለተከበሩ የ«ታንኳ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ለአቶ አምሐ፤
ባሕር ዳር።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ብዕርዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ለጆሮዎም ማድመጥን እመኝልዎታለሁ። ከሰው አፍ የከተቱኝ ወለተ ኪዳን ነኝ፤ ደብዳቤዬም የምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ጧፍ እየሠራሁ ሴት ወደማይገባበት የሐይቁ ገዳም እወስዳለሁ። ከወደቡ ላይ ለመነኩሴው አስረክቤ፣ እዚያው ቆሜ ተሳልሜ፣ በመጣሁበት ጀልባ እመለሳለሁ፤ እናቴም እንዲሁ ስታደርግ ኖራ አልፋለች። ይህንኑ ለዘጋቢዎ በስልክ ነገርሁት። እናንተ ግን «ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወደ ቤተ መቅደሱ ዘልቀው ጧፍ አበሩ» ብላችሁ አወጣችሁት። «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር» የሚለውን ዘጋቢዎ ሰምቶታል መሰለኝ፣ መላውን ትቶ መጨመሩን ያዘ።

ሁለተኛ፣ ከጽሑፉ በላይ «ጣና ሐይቅ» ብላችሁ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለጥፋችኋል። ፎቶውን አምኖ በዚያ በኩል በጀልባ የሚሻገር ባልደረባ ካለዎት፣ እባክዎ ሳይዘገዩ ይላኩት።

ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ደጅ ጠንቼ እርማት ብለምንዎ፣ «ወይዘሮዋ ወደ ገዳሙ የገቡት በስሕተት መሆኑን በይቅርታ እናርማለን» ብለው ጻፉልኝ። በዚያው ሰሞን በኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ጽዋውን ተረክቤ ለሚቀጥለው ወር የምደግሰው እኔ ነበርሁ። ጌሾዬን ወቅጬ ስጠብቅ፣ ሥርዓት የደፈረች ሴት ነገሯ እስኪጣራ ይለፋት ተባለና፣ ጽዋው በፊቴ አልፎ ለጎረቤቴ ተሰጠ። የነፍስ አባቴም እርማትዎን አንብበው አንገታቸውን ደፉ። ከእናቴ የወረስሁት ማኅበር ነው አቶ አምሐ፤ አንጀቴ አርሯል፤ ይህን በትሕትና ልሸፍነው አልችልም።

ስለ ውለታዎ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ለጋዜጣዎ በሚጽፈው እውነት ልክ ዕድሜ እንዲሰጠው የምትጸልይ፣

ወለተ ኪዳን፣ ጧፍ ሠሪ

ማስታወሻ፦ ከጋዜጣዎ የተማርሁትን ሥራ ላይ አውያለሁ። የመጪው ኪዳነ ምሕረት ድግስ በእርስዎ ቤት እንደሆነ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ለቆሎ ተማሪው፣ ለጀልባ ቀዛፊው፣ በየደጀ ሰላሙ ላሉ ነዳያን ሁሉ አውጄዋለሁ። አብልተው አጠጥተው ቢሸኟቸው መልካም ነው። ጦማቸውን ከበር ቢመልሷቸው ግን፣ ይህች ከተማ ስታወራ እንደ እናንተ አይደለችም፤ የሰው ስም አትስትም፣ ቤቱንም አትስትም።